ማንም ያልደነገጠበት የቅዳሜ ምሽት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የፊልም አምድ አዘጋጅ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። የህንድ ፊልም አይቼ ስመለስ በለቅሶ ዓይኔ አብጦ ነበር ቤት የምገባው። ያንን ፍቅር ለልጆቼም ላውርስ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። የጎረቤት ልጅ አንድ የህንድ አስፈሪ ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ። «እትዬ፣ ይሄን ብቻዎን እንዳያዩት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቡና አፈላሁ፣ ፈንዲሻ ቆላሁ፣ መብራት አጠፋን። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ግማሽ ሳይደርስ እናቴ ሶፋው ላይ አንቀላፋች። ባለቤቴ «ዜና ላዳምጥ» ብሎ ተነሳ። የ13 ዓመቷ ቤዛ ስልኳን ስትጎረጉር አመሸች። ትንሹ ደግሞ መንፈሷ በወጣች ቁጥር ይስቃል። በጣም ነው የከፋኝ። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ህንዶች ማስፈራት አይችሉበትም? ገንዘብ አጥሯቸው ነው? ወይስ እኔ አርጅቼ ነው?
የቤዛ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ የቤዛ እናት፣ አላረጁም። ፊልሙ ነው የከፋው።

ስሙን ከደብዳቤዎ ላይ አውጥቼዋለሁ። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ብዙ ስለሆኑ የአንዱን ስም መጥራት ለማንም አይጠቅምም። ፈልጌ ግን አየሁት። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ በሄድፎን፣ አንዴ ድምፁን ዘግቼ። እኔ 16 ዓመት የሠራሁት የድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የውጭ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ዳቢንግ ስንሠራ ከህንድ የመጡት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፊልም ሲበላሽ ቀድሞ የሚታወቀኝ በጆሮዬ ነው።

ልጅቷ ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤት የምትወርድበትን ቦታ ያስታውሳሉ? በሩ የብረት በር ነው። ዝገቱ ሳይቀር ይታያል። ሲከፈት የሚሰማው ግን የእንጨት በር ሲጥ ሲል ነው። ያንኑ ድምፅ ፊልሙ ውስጥ አራት ቦታ አገኘሁት። ቁም ሳጥኑም በዚያው ድምፅ ይከፈታል፣ መስኮቱም እንዲሁ። ከአንድ የድምፅ ስብስብ ላይ ወስደው በየቦታው ለጥፈውታል ማለት ነው። ከዚያ ልጅቷ ትጮኻለች። ምድር ቤት ውስጥ የጮኸ ሰው ድምፁ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ ትንሽ ያስተጋባል። የእሷ ጩኸት ግን ደረቅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ማይክራፎን አጠገብ ቆማ እንደጮኸች ወዲያው ይታወቃል።

ይህን የምለው ዳቢንግን ለመውቀስ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። የሂንዲ ሲኒማ ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረው በዚህ ነው። ተዋናዮቹ ቀረጻ ላይ የተናገሩትን በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ይደግሙት ነበር። ቀረጻ ቦታ ላይ በቀጥታ ድምፅ መቅዳት በደንብ የተለመደው ከ2000 በኋላ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግን ድምፁን ስትተካ ክፍሉንም አብረህ መተካት አለብህ። የእርስዎ እናት ስለ ድምፅ ሥራ ምንም ላያውቁ ይችላሉ። ጆሯቸው ግን ያችን ልጅ ምድር ቤት ውስጥ እንዳልሆነች ነግሯቸዋል። ታዲያ ለማን ይፍሩ? ተኙ።

በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ «ድም!» የሚል ድምፅ ቆጠርኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ምንም የሉበትም። ድመት ዘለለች። ጓደኛ ከኋላ መጥቶ ትከሻ ነካ። ንፋስ መስኮት ዘጋ። ሰው የመጀመሪያው ላይ ይደነግጣል፣ ሁለተኛው ላይ ይነቃል፣ አራተኛው ላይ ይሰለቻል። ድንጋጤና ፍርሃት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ድንጋጤ የሰውነት ነገር ነው፤ ሳህን ከእጅ ቢወድቅም ይመጣል። ለመፍራት ግን የምንሳሳለት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ፊልም ውስጥ ስድስት ወጣቶች አሉ። ሁለት ጊዜ አይቼ የሦስቱን ስም አልያዝኩም። ማናቸው እህት አላቸው፣ ማናቸው ምን ይወዳሉ፣ አልተነገረንም።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ነው በጣም ያናደደኝ። መንፈሷ ቹሬል ናት ይሉናል። በሰሜን ህንድ ተረት ቹሬል በወሊድ ወይም በእርግዝና ላይ የሞተች ሴት መንፈስ ናት። ቆንጆ ሆና ትመጣለች። የምትታወቀው በእግሯ ነው፤ እግሮቿ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ፊልሙ ላይ አንዲት አሮጊት ይህንኑ ትናገራለች፤ «እግሯን እዩ» ትላለች። እኔም ጠበቅኩ። እስኪያልቅ ጠበቅኩ። መንፈሷ ስትመጣ እግሯ እንደማንኛችንም ወደ ፊት ነው። የራሳቸውን አያቶች ተረት አንስተው ሳይጨርሱት ጣሉት። ልብ ይበሉ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት በጭቃ ላይ ሄዳ ካለፈች በኋላ ዱካዋ ወደ እኛ አቅጣጫ ቢታይ ምንም ጩኸት አያስፈልግም ነበር። ምንም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ጭቃና ሁለት እግር ብቻ ነው።

ስለ ገንዘቡ ከጠየቁኝ የራምሴ ወንድማማቾችን ልንገርዎት። አባትየው ኤፍ.ዩ. ራምሴ ካራቺ ውስጥ ሬዲዮ ይሸጥ ነበር። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡን ይዞ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ገባ። ፊልም መሥራት ጀመረ፤ አልቀናውም። በ1970 ያወጣውም ከሰረ። ልጆቹ ግን ሲኒማ ቤት ገብተው ተመልካቹን ልብ ብለው አዩት። በዚያው በከሰረው ፊልም ውስጥ ታዋቂው ተዋናይ ፕሪትቪራጅ ካፑር አስፈሪ ጭምብል አጥልቆ ሙዚየም የሚዘርፍበት አንድ ትዕይንት አለ። እዚያች ቦታ ላይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳል። ሰባቱ ወንድማማቾች አባታቸውን ሙሉ አስፈሪ ፊልም እንሥራ ብለው አሳመኑት። የመጀመሪያው በ1972 ወጣ። የቀረጹት ማሃባሌሽዋር በምትባል ተራራማ ከተማ፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። አንዱ ወንድም ካሜራ ይይዛል፣ አንዱ ድምፅ ይቀዳል፣ አንዱ ፊልሙን ይቆርጣል፣ ሁለቱ ዳይሬክት ያደርጋሉ። በትንሽ ገንዘብ ተሠርቶ አተረፈ።

በ1984 የሠሩት «ፑራና ማንዲር» ደግሞ በመላ ህንድ ሰው አሰለፈ። ጭራቁን ሆኖ የሠራው ቁመቱ በር የሚሞላ መሐንዲስ ነበር። ዛሬ ሲያዩት ቀለሙ ይበዛል፣ የጭራቁ ፊት የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል፣ በየመሃሉ የሚገባው ቀልድም ይጎተታል። እኔም ሁሉንም እወድላቸዋለሁ አልልም። ግን እነዚያ ሰዎች ሰው ማስፈራት ከልባቸው ይፈልጉ ነበር። ጭጋጉን የት እንደሚለቁት፣ መብራቱን ከየት እንደሚያበሩት ተጨንቀውበታል። የእርስዎ ፊልም ካሜራ የእነሱን አሥር እጥፍ ይበልጣል። ጭንቀቱ ነው የሌለበት።

ማስፈራት አይችሉበትም ወይ ላሉት፣ መቻልስ ይችላሉ። «ናትያ ሻስትራ» የሚባለው የሳንስክሪት የቲያትር መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ አንድ ትርዒት ለተመልካች የሚሰጠውን ስምንት ዓይነት ጣዕም ዘርዝሯል። ጣዕሙን «ራሳ» ይሉታል። ፍርሃት ከስምንቱ አንዱ ነው። መጸየፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ነው። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያዩት ፊልም ደም፣ ትልና የበሰበሰ ፊት አሳየን፤ ያ ማጸየፍ ነው። ፍርሃቱን አላመጣውም፤ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

ፍርሃት እንዴት እንደሚመጣ ለማየት በ2003 ራም ጎፓል ቫርማ ዳይሬክት ያደረገውን «ቡት» ይመልከቱ። የሙት መንፈስ ማለት ነው። አሮጌ ግቢ የለም፣ መቃብር የለም። ሙምባይ ውስጥ ያለ ፎቅ ቤት ነው። ባልና ሚስት ይገቡበታል። ቀድሞ እዚያ ትኖር የነበረች ሴት ከፎቁ ወድቃ መሞቷን ባልየው ያውቃል። ቤቱ ስላማረው ለሚስቱ አይነግራትም። እኛ ግን ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ሚስትየዋ በረንዳ ላይ በወጣች ቁጥር፣ ሊፍት ውስጥ ብቻዋን በገባች ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዛለን። ገና ምንም ሳይመጣ! ባል ከሚስቱ ደብቆ የያዘው አንድ ነገር ይኸውና ቤቱን ሞላው። ኡርሚላ ማቶንድካር ሚስትየዋን ሆና ስትሠራ እያየሁ እጄን ወንበሩ ላይ ጠምዝዤ እንደያዝኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ታዲያ መጥፎዎቹ ለምን ይበዛሉ? አስፈሪ ፊልም ውድ ኮከብ አይፈልግም። አንድ ባዶ ቤትና ጥቂት አዲስ ተዋናዮች ካሉ ይበቃል። ፖስተሩ ላይ ደም የሚያለቅስ ዓይን ከተሣለ ሰው አንዴ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ወጪው ተመልሷል። የሚጎዳው እንደ እርስዎ ቡና አፍልቶ፣ ቤተሰብ ሰብስቦ፣ አምኖ የተቀመጠ ሰው ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ «ቱምባድ»ን ለእርስዎና ለባለቤትዎ እመክራለሁ። የ2018 ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን፤ ለትንሹ ይከብደዋል። ቀረጻው በ2012 ተጀምሮ እንደገና ተሠርቶ ያለቀው በ2015 ነው። የሚዘንበው ዝናብ እውነተኛ የክረምት ዝናብ ነው፤ ክረምት እስኪመጣ እየጠበቁ ነው የቀረጹት። ታሪኩ ስለ ስግብግብነት ነው። አንድ ሰው ከዱቄት የተሠራ አሻንጉሊት ይዞ፣ የተራበ አምላክ ወዳለበት ጉድጓድ በገመድ ይወርዳል። አምላኩ ዱቄቱን ሲበላ ሰውየው ወርቅ ይሰርቃል። ስንቴ ይወርዳል? ልጁንስ ያወርዳል? ያንን እያሰቡ ነው የሚያዩት። ሲወጣ ብዙ ሰው አላየውም ነበር። በ2024 እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ ከመጀመሪያው የበለጠ ገቢ አገኘ። ለቤዛ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ያንብቡላት።

ጥያቄ፦ እኔ የህንድ ፊልም እወዳለሁ ስል ጓደኞቼ ያሾፉብኛል። በተለይ አስፈሪ ፊልም ላይ ዘፈን መግባቱን አንስተው «ጅኒ እየመጣ ይጨፍራሉ» ይሉኛል። ዘፈኑ ባይኖር አይሻልም?
ኤ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ የህንድ የመንፈስ ፊልም እግሩን የተከለው በዘፈን ነው። በ1949 ካማል አምሮሂ «ማሃል»ን ሠራ፤ ዳይሬክት ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ተዋናዩ አሾክ ኩማር አንድ ባዶ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ይገባል። ሌሊት አንዲት ሴት ስትዘፍን ይሰማል። የሚመጣው ይመጣል የምትል ዘፈን ናት። ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲደርስ የለችም።

እንዴት እንደተቀዳ ስሰማ የሙያ ጓደኞቼን ሰብስቤ ነው የነገርኳቸው። ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር ናት፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች። ዛሬ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለመሥራት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ያኔ ያ የለም። ማይክራፎኑን ክፍሉ መሃል አቆሙትና እሷ ጥግ ላይ ቆማ መዝፈን ጀመረች። እየዘፈነች ቀስ ብላ በእግሯ ወደ ማይክራፎኑ መጣች። ይህን ራሷ ላታ ተርካዋለች። የዘፈኑን መግቢያ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። እየቀረበች ስትመጣ ይሰማሃል። ሸክላው መጀመሪያ ሲወጣ ደግሞ የላታ ስም አልተጻፈበትም፤ የገጸ ባህሪዋ ስም ነበር የተጻፈው። ሰው ማን ናት ብሎ ጠየቀ።

ስለዚህ ዘፈኑ ራሱ መንፈሱ ሊሆን ይችላል። ጓደኞችህ የሚያሾፉበትን ግን እኔም አልከላከልም። ከላይ የቤዛ እናት የጻፉልኝ ፊልም ውስጥ የአንዱ ጓደኛቸው ሬሳ ተገኝቶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አምስቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ይጨፍራሉ። ማንም ስሙን አያነሳውም። እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ተነሳሁ። ሟቹን ካልናቁት በቀር እንዲህ አይደረግም።

ጥያቄ፦ እኔ ሻርጃ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጣች ልጅ አለች። የህንድ ፊልም አውቃለሁ ስላት «አንቺ የምታውቂው ሂንዲውን ነው፣ የኛን አላየሽም» ትለኛለች። የኛ ስትል ምን ማለቷ ነው? አስፈሪ ፊልምስ አላቸው?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። እኛ አገር «የህንድ ፊልም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ በሂንዲ የሚሠራውን የሙምባዩን ነው። ታሚሎች የራሳቸው አላቸው፣ ቴሉጉዎች አላቸው፣ ካንናዳ የሚባል የህንድ ቋንቋ የሚናገሩት አላቸው። ኬረላዎች ደግሞ በማላያላም ይሠራሉ። ቋንቋዎቹም የተለያዩ ናቸው።

ጩኸት ሳያበዛ የሚያስፈራ ፊልም ከፈለግሽ ዛሬ የኬረላዎቹን እመርጥልሻለሁ። በ2022 የወጣው «ቡታካላም» እናትና ልጅ ተከራይተው የሚኖሩበት ተራ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሁለቱም ሐዘንተኞች ናቸው፤ ልጁ ቤቱ ውስጥ ነገር አለ ሲል እናትየዋ ልጄን አመመው ብላ ትጨነቃለች። ያንኑ ዳይሬክተር፣ ራሁል ሳዳሲቫንን፣ በ2024 «ብራማዩጋም» ላይ ታገኚዋለሽ። ሙሉውን በጥቁርና ነጭ ነው የሠራው፤ ማሙቲ የሚባለው አንጋፋ ተዋናይ አለበት።

አንድ ብቻ እይ ካልሽኝ ግን በ1993 የወጣውን «ማኒቺትራታዙ»ን ነው የምልሽ። ጓደኛሽ ስሙን ስትጠሪላት ፊቷ ይበራል። በሂንዲ፣ በታሚል፣ በካንናዳና በቤንጋሊ ተደግሞ ተሠርቷል። የሂንዲውን «ቡል ቡላያ» ሳታዪው አትቀሪም። ጋንጋ የምትባል ሙሽራ ከባሏ ጋር ወደ ቤተሰቡ አሮጌ ቤት ትገባለች። የተቆለፈ ክፍል አለ። ድሮ እዚያ የተገደለች ናጋቫሊ የምትባል ዳንሰኛ ነበረች። ጋንጋ ክፍሉን ታስከፍታለች። ፊልሙ ውስጥ እውነተኛ መንፈስ የለም፤ የሴትዮዋ አእምሮ ነው። ጋንጋን የሠራችው ሾባና በዚህ ሥራ የህንድን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ደም አይበዛበትምና የቤዛ እናትም ከልጅዎ ጋር አብረው ሊያዩት ይችላሉ።

ወደ መጨረሻው የሚመጣውን የአልጋውን ትዕይንት ከጓደኛሽ ጋር እዪው። ጋንጋ ጌጥ ለመግዛት ልትወጣ ለብሳ ተዘጋጅታለች። ባሏ አትሄጂም ይላታል። ተራ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይመስላል። ለምን ትለዋለች። ደግማ ለምን ትለዋለች። ዓይኗ ይፈጣል፣ ድምፁ ከደረቷ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ በአንድ እጇ ትልቁን የእንጨት አልጋ ከወለሉ ታነሳዋለች። ባሏ በስሟ ሲጮህባት ትመለሳለች፤ ምን እንዳደረገች አታውቅም።

እኔ ይህን ትዕይንት ለዓመታት ያየሁት አልጋውን እያየሁ ነበር። ያመለጠኝን የነገረኝ ስቱዲዮ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የኬረላ ሰው ነው። ጋንጋ ጭቅጭቁን የምትጀምረው በማላያላም ነው። አልጋውን ስታነሳ በታሚል እየተናገረች ነው፤ ታሚል የሟቿ ዳንሰኛ ቋንቋ ነው። ሁለቱንም ለማናውቅ ለእኛ አንድ ቋንቋ ይመስለናል። ጓደኛሽ ግን ትሰማዋለች። አብራችሁ ስታዩ አልጋውን ተዪው፤ ቋንቋው የሚቀየርበት ቦታ ላይ ክንድሽን እንድትነካሽ ንገሪያት።